ቀዩን ገመድ ማን ሳበው?

ጋሽ ቀያሽን የገደላቸው የገዛ ጋራዣቸው በር ነው። ቢያንስ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ያወራው ይህንኑ ነበር። ጋሽ ቀያሽ ዕድሜ ልካቸውን መሬት ሲለኩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ረጅምና ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ። የሚለኩት መሬት ሲያጡ ፊታቸውን ወደ ጋራዡ በር አዞሩ። በየወሩ መሰላል አቁመው ብሎኑን ያጠብቃሉ፣ የሐዲዱን አቧራ ይጠርጋሉ፣ መሽከርከሪያዎቹን ግራሶ ይቀባሉ፣ ከዚያ በሩን ሽቅብ ቁልቁል እያስኬዱ እንደ ሐኪም ያዳምጡታል። "ለእኔ ራስ ምታት እንኳ እንዲህ አይጨነቅም" ይሉ ነበር ባለቤታቸው።

ያን ዕለት ጠዋት ጎረቤታቸው የጥርስ ሐኪም ወደ ሥራው ሊሄድ ሲወጣ፣ ከበሩ ሥር ራስና ትከሻ ወደ መንገዱ ወጥቶ አየ። አልደነገጠም። "ጋሽ ቀያሽ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ጎደለው?" ብሎ አለፈ። ትንሽ ራመድ ካለ በኋላ መልስ አለማግኘቱ ከነከነውና ተመለሰ። የጮኸው ያኔ ነው።

በሩን ለማንሳት የሰፈሩ ጎልማሶች ተረባረቡ፤ አልሆነላቸውም። በመጨረሻ አንዱ የመኪና ክሪክ አምጥቶ እየፈነቀለ አነሳው። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ በሩ በክሪኩ ላይ ቆሟል፤ አስከሬኑም አንሶላ ለብሷል።

ኢንስፔክተሯ ንግግሯ ቁጥብ፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ጎልማሳ ሴት ናት። ማጎንበስ ስለሚቸግራት ጥግ ላይ ያገኘችውን ባልዲ ደፍታ ተቀመጠችበትና ዙሪያውን ትቃኝ ጀመር። ሳጅኗ ደግሞ ቆሞ የሚያስብ ሰው ነው፤ ያሰበውን ሳያሳድር ይናገራል።

"አለቃ፣ ይቺ እንኳን አታስቸግርም" አለ፣ ከረሜላውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው እያሻገረ። "በሩ ባለሞተር ነው። ሲወርድ ቶሎ ሊያልፉ ሲሉ ያዛቸው። ከሥሩ ሰው ሲኖር የሚመልሰው ዓይን አለ አይደል፣ እዚህ ታች? እሱ ተበላሽቶ ነው። በር ጠጋኙን ይዘን ወደ ምሳችን።"

"ዓይኑን ፈተሽከው?"

"ምኑን እፈትሸዋለሁ፣ ሰው ሞቶ እያየሁ!"

"ፎቶው ተነስቷል?"

"ሁሉም።"

"እንግዲያው ቁልፉን ተጫን።"

ሳጅኑ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫነ። ሞተሩ ጮኸ፤ ሰንሰለቱ የሚጎትተው ተንሸራታች ብረት በጣሪያው ሐዲድ ላይ ብቻውን ተጓዘ፣ በሩ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ደግሞ ተጫነ። ብረቱ ወደ መዝጊያው በኩል ሲመጣ፣ ሳጅኑ እግሩን ከሁለቱ ትናንሽ ዓይኖች መካከል ሰደደ። መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ፤ ብረቱ ቆመና ወደ ኋላው ተመለሰ።

"ዓይኑ ከአንተ ዓይን ይሻላል" አለች ኢንስፔክተሯ። "ደግሞስ በሩን ሞተሩ አላወረደውም። ስንመጣ ሞተሩና በሩ ተለያይተው ነው ያገኘናቸው። ቀና ብለህ እይ። ምን ተንጠልጥሏል?"

"ቀይ ገመድ።"

"መብራት ሲጠፋ እሱን ትስባለህ፤ በሩ ከሞተሩ ይላቀቃል፤ ከዚያ በእጅህ ታነሳዋለህ። አንድ ሰው ስቦታል።"

"እሳቸው ናቸዋ!"

"ከበሩ ሥር ተኝተው?"

ሳጅኑ በዓይኑ ለካ። መኪናው አፍንጫውን ወደ በሩ አድርጎ ቆሟል። ገመዱ የተንጠለጠለው ከመኪናው ኮፈን በላይ ነው፤ ሌባ ከውጭ በሽቦ እንዳያጠምደው ተብሎም ወደ ላይ ታስሮ አጥሯል። ጋሽ ቀያሽ የቱንም ያህል ረጅም ቢሆኑ፣ ከወደቁበት ሆነው ሊነኩት አይችሉም።

"ኮታቸውንም አየሁት" ቀጠለች። "በሁለቱም ትከሻ ላይ የበሩ ጎማ ጥቁር መስመር አስምሮበታል። ሰውየው እያለፉ አልነበረም። በሩን ከሥሩ ገብተው በትከሻቸው ተሸክመውት ነበር።"

"አንድ ሰው ደግሞ ከውስጥ ገመዱን ሳበባቸው።" ሳጅኑ ከረሜላውን ዋጠው። "አለቃ፣ ይሄ ነፍስ ማጥፋት ነው።"

"ገና ነው። ሞላዎቹን እያቸው።"

እንዲህ ያለውን በር የሚያነሳው በእርግጥ ሞተሩ አይደለም፤ ግራና ቀኝ ከጣሪያው ሥር የተወጠሩት ሁለት ሞላዎች ናቸው። ክብደቱን እነሱ ስለሚሸከሙት፣ ደህና የተጠበቀ በር ሕፃን በአንድ እጁ ያነሳዋል። የዚህ በር ሞላዎች ግን ጫፋቸው ተለቆ እንደ ደከመ እጅ ወደ ታች ወርደዋል። ሳጅኑ ባልዲውን ተቀብሎ ወጣበት።

"አልተበጠሱም፤ ጤነኛ ናቸው። ከኋላ የሚያያዙበት ሜንጦ የለም። በሁለቱም በኩል የለም።"

"ወልቆ ወድቆ እንደሆነ መሬቱን እይ።"

መሬቱ ተጠርጎ የጸዳ ነው፤ ምንም የለም። ኢንስፔክተሯ ግድግዳውን በዓይኗ ዳሰሰች። የተወጠረ ሞላ በድንገት ቢለቅ እንደ አለንጋ ያገኘውን ገርፎ ነው የሚያርፈው፤ ኖራው ግን አንዲት ጭረት እንኳ የለበትም። ወደ መኪናው ስትዞር፣ ኮፈኑ ላይ አበባ አበባ ያለበት የሴት ጃንጥላ ተጋድሟል።

"ይሄን ማን ነው ያስቀመጠው?"

"እዚያው ነበር። ማንም አልነካውም።"

ጃንጥላውን ካለበት ትታ ጉልበቷን እያሻሸች ወደ ቤቱ አመራች።

*

የጋሽ ቀያሽን ባለቤት ሰፈሩ እትዬ ሚጢጢ ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው ቁመታቸው ታይቶ ነው፤ ወንበር ላይ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት አይደርስም። ሳሎን ውስጥ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው አንድ ልጃቸው ቆሟል፤ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው፣ በቁመቱ አባቱን፣ በዓይኑ እናቱን። ከሌሊት ፈረቃ ሲወጣ መርዶው ደርሶት በሥራ ልብሱ ነው የመጣው።

"እናቴ፣ ነፍስ ይማር" አለች ኢንስፔክተሯ። "ባለቤትዎ ሲወጡ የት ነበሩ?"

"ጓሮ ነበርኩ፣ ልጄ። ልብስ እያጠብኩ። ማሽኑ ይጮኻል፤ ምንም አልሰማሁም።"

"ወዴት ሊሄዱ ነበር?"

"እሱ ይነግራል?" ቶሎ ብለው መለሱ። "ወጥቶ ሲመለስ ነው የምሰማው።"

"አንተስ? ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አየሃቸው?"

"ትናንት ከሰዓት በኋላ መጥቼ ነበር" አለ ልጁ። "አባባ መኪናውን ትቶ በእግሩ ወጣ ብሎ ነበር። ከዚያ ሥራ ገባሁ፤ እስከ ጠዋት ከማሽን አልወጣሁም። አለቃዬን መጠየቅ ይቻላል።"

"ይጠየቃል።"

ኢንስፔክተሯ ሁለት ነገር ልብ አለች። እትዬ ሚጢጢ ልብስ እያጠብኩ ነበር ይበሉ እንጂ የተጫሙት የክት ጫማ ነው፤ ጥቁር፣ የተወለወለ፣ ማሰሪያው የጠበቀ። ሁለተኛው ደግሞ እናትና ልጅ አብረው እያለቀሱ፣ አንድም ጊዜ ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

*

የጥርስ ሐኪሙ የሥራ ቦታ ሁለት ቤት አልፎ ነው። ሳጅኑ በመንገድ ላይ ከሰፈርተኛው አንድ ወሬ ለቅሞ ስለነበር ፊቱ በርቷል። "ከወር በፊት ጋሽ ቀያሽ የዚህን ሰውዬ አጥር በመኪና ገጭተውበታል። 'ይሄ በር አንድ ቀን አናትዎ ላይ ይወርዳል!' ብሎ በሰው ፊት ጮኾባቸዋል። አናትዎ ላይ፣ አለቃ! ከዚህ በላይ ምን ይበል?"

ሐኪሙ ይህን ሲጠየቅ ጓንቱን አውልቆ ተቀመጠ። "ብያለሁ። አልክድም። በየወሩ በማለዳ ያን በር ሲያንቋቁት እንቅልፌን አጥቼ ነው። አጥሩን ግን ይቅር ብያቸዋለሁ።"

"አጥሩን እንዴት ነው የገጩት?" ጠየቀች ኢንስፔክተሯ።

"እኔም የገረመኝ እሱ ነው። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ በዝግታ ነው የሚነዱት። ዝም ብለው መጥተው ጎኑን ላጡት። ወርደው 'ይሄ አጥር መቼ ነው የተሠራው?' አሉኝ። አሥር ዓመት ጎረቤቴ ሆነው!"

"ዛሬ ጠዋትስ ከቤት ከመውጣትዎ በፊት?"

"ከባለቤቴና ከአማቴ ጋር ቁርስ ላይ ነበርኩ። አማቴ ስለ ጥርሷ ስታወራ መነሣት አይቻልም፤ ጠይቋት።"

ተጠየቁ። አማትየው ስለ ጥርሳቸው ለሳጅኑም ደገሙለት። ሲወጣ ጉንጩን ይዞ ነበር።

"ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ" አለ።

"ሙሉ በሙሉ አይደለም" አለች ኢንስፔክተሯ። "አንድ ነገር አግኝተናል።" ምን እንደሆነ ግን አልነገረችውም።

*

በር ጠጋኙ እርሳስ ከጆሮው ላይ የማይለይ፣ ድምፁ ከሱቁ የሚሰፋ ሰው ነው። የፖሊስ ልብስ ገና ሲያይ መከላከል ጀመረ።

"ሰምቻለሁ! እንግዲህ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሊባል ነው። ያንን በር ባለፈው ሳምንት ነው የሠራሁት፤ ሰውየው ደግሞ ቆመው ሦስት ጊዜ አስፈትተው አስገጥመውኛል። እንኳን የሚወድቅ፣ ሲጥ የሚል ድምፅ ቢሰሙ ይለቁኝ ነበር?"

"ተጣልታችሁ ነበር ማለት ነው" አለ ሳጅኑ።

"ከእሳቸው ጋር ያልተጣላ ጠጋኝ ካለ አምጡልኝ!"

"የሞላዎቹ ሜንጦ የለም" አለች ኢንስፔክተሯ ረጋ ብላ።

ጠጋኙ አፉን ከፍቶ ቀረ። "የቱ? የኋላው? በሁለቱም በኩል? እኔ አዲስ ነው ያሰርኩት፣ በእጄ!"

"ሊወልቅ ይችላል?"

"በሩ ተዘግቶ ሳለ ሞላው ተወጥሮ ነው ያለው፤ ያንን ለማውለቅ የሚሞክር ሰው ጣቱን ተሰናብቶ ነው። በሩ እስከ ላይ ሲከፈት ግን ሞላው ይላላል። ያን ጊዜ መሰላል ላይ ወጥተህ በፒንሳ ትፈታዋለህ። የሥራው ደንብ ይሄ ነው፤ ለባለቤቶቹም ሁልጊዜ የምናገረው ነው። 'ተዘግቶ ሳለ እንዳትነኩት' እላለሁ።"

"ሞላው ሳይኖር ሞተሩ ብቻውን በሩን ያነሳዋል?"

"ያወርደዋል። ማንሳት ግን አይችልም። ትንሽ ከፍ ያደርገውና አቅቶት ያጉረመርማል። ምናልባት እስከ ጉልበት።"

"በዚያ ሰዓት ገመዱ ቢሳብስ?"

ጠጋኙ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። ድምፁም አብሮ ወረደ። "የያዘው እኮ ሞተሩ ብቻ ነው። ገመዱ ከተሳበ እንደ ድንጋይ ነው የሚወርደው።" እርሳሱን በጣቱ እያሽከረከረ ጨመረ፦ "ሰውየውን እኔው ነኝ ያስተማርኳቸው። 'ሞተሩ ካስቸገረ ቀዩን ገመድ ይሳቡ፣ በሩ ላባ ይሆንልዎታል' ብያቸዋለሁ። ሞላው እያለ ላባ ነው!"

ኢንስፔክተሯ አመስግናው ወጣች። በመኪናው ውስጥ ሳጅኑ መሪውን ይዞ ነገሩን ይደማምር ጀመር። "በሩ ክፍት ሳለ አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ሜንጦዎቹን ፈታ። ከዚያ በሞተር ዘጋው። ጠዋት ሰውየው ሲከፍቱት ከፊል ላይ ቆመ፤ በትከሻቸው ገቡ። ያው ሰው ተደብቆ ጠብቆ ገመዱን ሳበ። አለቃ፣ የተጠና ሥራ ነው!"

"ያው ሰው መሆኑን በምን አወቅህ?"

ሳጅኑ መኪናውን አስነሣ።

*

እትዬ ሚጢጢ ብቻቸውን ነበሩ፤ ልጁ ለቀብሩ ጉዳይ ወጥቷል። ኢንስፔክተሯ ሳሎን አልገባችም። በጎን አልፋ ጓሮ ወጣች፤ እሳቸውም ተከተሏት። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ክዳን ከፍታ እጇን ሰደደች። ልብሱ ሞልቶታል፤ አንዱም ውሃ አልነካውም።

"እናቴ" አለች፣ "ይሄ ልብስ ደረቅ ነው።"

አሮጊቷ የማሽኑን ጠርዝ ያዙ።

"ጋራዡ ውስጥ መኪናው ላይ ያለው ጃንጥላ የእርስዎ ነው። ባለቤትዎ ረጅም ሰው ነበሩ፤ ገመዱን በእጃቸው ይደርሱበታል። በጃንጥላ እጀታ አጥምዶ ማውረድ የሚያስፈልገው ለአጭር ሰው ነው። አብራችሁ ልትሄዱ ነበር፤ ጫማዎንም አድርገው ነበር።"

እትዬ ሚጢጢ ወደ ጫማቸው ቁልቁል አዩ። ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

"እህቴ ቤት ልንሄድ ነበር። በሩ ትንሽ ተነሣና ቆመ። እሱ ተናደደ፤ 'ባለፈው ሳምንት የተሠራ በር!' እያለ ሥሩ ገባ። በትከሻው ደግፎ 'ሚጢጢ፣ ቀዩን ገመድ ሳቢልኝ፣ ይቀለኛል' አለኝ። አልደርስበት አልኩ። 'በጃንጥላሽ!' አለኝ። ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳብኩት።"

ማሽኑን እንደያዙ ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ መሬቱ ላይ።

"አንድ ጊዜ እንኳን አልጮኸም። ላነሣው ሞከርኩ። እኔ ምን አቅም አለኝ? ዞሬ በትንሿ በር ወጥቼ ሰው ልጠራ ስል የሐኪሙን ጩኸት ሰማሁ። ከዚያ... ልጄ ምን ይለኛል አልኩ። 'አባቴን እናቴ ገደለችው' ብሎ እንዴት ይኖራል? የኔ ልጅ፣ የፈለግሽውን አድርጊኝ። ለእሱ ግን አትንገሪብኝ።"

ኢንስፔክተሯ ጉልበቷ እያመማት አጠገባቸው ዝቅ አለች።

"የበሩን ሞላ ማን ነክቶታል?"

"የምን ሞላ? የአልጋ?"

ይህን ሲሉ ፊታቸውን አጥብቃ አየችው። ከሐዘን በቀር ምንም አላገኘችበትም። ሴትየዋ ባላቸው የሞቱት በእሳቸው እጅ ብቻ እንደሆነ ነው የሚያውቁት። ያልተባለ ነገር እንዳለ ልትነግራቸው አንደበቷ ላይ ደርሶ መለሰችው። ሜንጦውን የፈታው ማን እንደሆነ ሳታውቅ ግማሹን መናገር ሌላ ቁስል ነው።

ከቤቱ ስትወጣ ለበር ጠጋኙ ስልክ ደወለች።

"ባለፈው ሳምንት ስትሠራ መሰላሉን የያዘልህ ማን ነው?"

"ልጃቸው። ደህና ሰው ነው፤ እጁ ሥራ ያውቃል።"

"የተናገረው ነገር አለ?"

"ምን ይናገራል... አዎ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቆኛል። አባትየው ውሃ ሊጠጡ ሲገቡ ነው። 'እነዚህ ሜንጦዎች ባይኖሩ ሞተሩ በሩን መክፈት ያቅተዋል?' አለኝ። ያቅተዋል አልኩት። ወሬ መስሎኝ እኮ ነው!"

*

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ማሽኑ ስለሚያደነቁር፣ አለቃየው ወደ ወረቀት ማከማቻው ወሰዳቸው። የሌሊቱ ፈረቃ ተጣርቷል፤ ልጁ እንዳለው እስከ ንጋት ከማሽኑ አልተለየም። ሳጅኑ በዚህ ተበሳጭቶ ነበር። "ምስክሩ እንደ ብረት ነው፣ አለቃ።"

"ለጠዋቱ ነው ምስክሩ። ሜንጦው የወለቀው ግን ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ እቤት በመጣ ጊዜ ነው።"

ልጁ ለቀብሩ ፈቃድ ሊጠይቅ መጥቶ እዚያው ነበር። ተጠርቶ ገባ፤ ከወረቀት ጥቅሎች መሐል ቆመ። ኢንስፔክተሯ አንዱ ጥቅል ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ጠጋኙን አንድ ነገር ጠይቀኸው ነበር" አለችው።

ልጁ አልተከራከረም። እጁን ከሥራ ልብሱ ኪስ ሰደደና ሁለቱን ሜንጦዎች አውጥቶ ጥቅሉ ላይ አስቀመጠ። ግራሶ ገና አልለቀቃቸውም።

"ልጥላቸው አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም" አለ።

"ለምን ፈታሃቸው?"

"አባባ ሊታወር ነበር።" አንዱን ጥቅል ተደገፈ። "ዓይን ሐኪም ጋ ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። የሚያየው ፊት ለፊቱን ብቻ ነው፤ በጠባብ ቱቦ ውስጥ እንደማየት። ሐኪሙ 'ከዛሬ ጀምሮ መሪ እንዳይነኩ' አለው። ስንወጣ 'ለእናትህ ትንፍሽ ብትል ልጄ አይደለህም' አለኝና መኪናውን አስነሥቶ ይዞኝ ሄደ። መንገድ ላይ ሕፃን በጋሪ የምትገፋ ሴት ነበረች። እኔ ጮኼ ነው የቆመው። እሱ ጭራሽ አላያትም።"

"ቁልፉን መውሰድ አትችልም ነበር?"

"ወሰድኩ፤ ሌላ አስቀረጸ። ባትሪውን ፈታሁ፤ አስገጠመው። እማዬ ደግሞ ከጎኑ ትቀመጣለች፤ ዘወትር። ምንም አታውቅ! በሩ እንቢ ቢለው ጠጋኙ እስኪመጣ ጥቂት ቀን አገኛለሁ አልኩ። በዚያ መሐል እለምነዋለሁ፣ አሳምነዋለሁ። የሚጎዳ ነገር አልመሰለኝም። ቢበዛ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ..." ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "ገመዱን እንዴት ሳበው? ሥሩ ሆኖ እንዴት ደረሰበት? ይሄ ነው ያልገባኝ። ጠዋቱን ሙሉ ሳስበው ነበር።"

ኢንስፔክተሯ ሜንጦዎቹን አንሥታ በመሐረብ ጠቀለለቻቸው። ሳጅኑ ዓይኑን ወደ ጥቅሎቹ አሸሸ።

ልጁ እጁን ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ አወረደ። "ሌላ ሰው ነበር?"

"ተነሥ፣ እቤት እንሂድ።"

"እባክሽ፣ እህቴ፣ ለእናቴ አትንገሪያት። እሰሩኝ፣ የፈለጋችሁትን በሉኝ። እሷ ግን በእኔ ምክንያት መሆኑን ካወቀች ትሞታለች።"

በመኪናው ውስጥ ሳጅኑ ወደ ኢንስፔክተሯ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። "አለቃ፣ ሕጉ እኮ ለየብቻ ጠይቁ ነው የሚለው።"

"ለየብቻ ጠይቄያለሁ። ጨርሻለሁ።"

*

እትዬ ሚጢጢ በሩን ሲከፍቱ ልጃቸውን ከፖሊስ ጋር አዩና ወደ ኋላ አሉ። ኢንስፔክተሯ ሁለቱንም ሳሎን አስቀመጠቻቸው፣ ፊት ለፊት። እሷ አልተቀመጠችም።

"እናቴ፣ እርስዎ 'ለልጄ አትንገሪ' አሉኝ። አንተ ደግሞ 'ለእናቴ አትንገሪ' አልከኝ። እኔ ፖሊስ ነኝ እንጂ የምስጢር ሣጥን አይደለሁም። ሁለቱም ቃል መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ነገ ከነገ ወዲያ ሌላ ሰው ሲያነበው ትሰሙታላችሁ። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት እርስ በርስ ተነጋገሩ። እኔና ሳጅኑ ደጅ ነን።"

ደጁ ግን ክፍት ነበር፤ የሚባለው ይሰማል። መጀመሪያ የተናገሩት እናትየው ናቸው። ገመዱን፣ ጃንጥላውን፣ ሳቁን ነገሩት። ልጁ እንደ ተመታ ሰው አቃሰተ። "እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም! አንቺ አይደለሽም!" አለና እግራቸው ሥር ወድቆ የራሱን ነገራቸው፤ ሜንጦውን፣ ዓይን ሐኪሙን፣ ባለጋሪዋን ሴት።

ሳጅኑ እናትየው ልጃቸውን በጥፊ ሊሉት ነው ብሎ አንገቱን ወደ ውስጥ አሰገገ። እሳቸው ግን ያልጠበቀውን ጠየቁ።

"የትኛው ዓይኑ ነው? የግራው?"

"ሁለቱም፣ እማዬ።"

"ሁለቱም።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ለዚህ ነዋ ብርጭቆ ሲያስቀምጥ ከጠረጴዛው አልፎ የሚጥለው። እኔ 'አረጀህ' እያልኩ እስቅበት ነበር። እሱም አብሮኝ ይስቃል።"

"ልነግርሽ ብዬ..."

"አንድ ቃል፣ ልጄ። አንድ ቃል ብትነግረኝ ቁልፉን እኔው ከኪሱ አወጣው ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ኪሱን የፈተሸ ማን ሆነና!" ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ፤ የልጃቸውን ራስ ወደ ጭናቸው ሳቡት። የሆነው ሁሉ ከሆነ በኋላ ሁለቱ አንዱ ከሌላው ሳይሸሸግ አብረው ያለቀሱት ያኔ ነው።

ኢንስፔክተሯ ወደ መንገዱ ዞራ ቆማ ነበር። ሳጅኑ ቀስ ብሎ "እንሰረው?" አለ።

"አባቱን ሳይቀብር?"

"ቢጠፋስ?"

"ወዴት ይጠፋል" አለች፤ ወደ መኪናው ሄደች።

ቀብሩ ብዙ ሰው ነበረው። የጥርስ ሐኪሙ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር፤ በር ጠጋኙ ከኋላ ቆሞ ድምፁን ሳያሰማ ተመለሰ። ኢንስፔክተሯ ዳር ላይ ቆማ አየችና የመጨረሻው ሰው ሳይወጣ ሄደች። የምርመራውን ማጠቃለያ ጻፈች፤ በሞላው በኩል ለተፈጸመው ቸልተኝነት ልጁ ተጠያቂ መሆኑን ሳትሸሽግ፣ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ግድያ አለመኖሩንም ሳታዳፍን። ከዚያ በኋላ ያለው የዐቃቤ ሕግ ነው።

ልጁ ቃሉን እንዲፈርም በተባለበት ቀን ማንም ሳያመጣው በራሱ እግር ወደ ጣቢያው መጣ። ብቻውን አልነበረም። እትዬ ሚጢጢ ጥቁር ለብሰው፣ ክንዱን ይዘው ገቡ። ቢሮው ውስጥ ለባለጉዳይ የተዘጋጀው ወንበር አንድ ብቻ ነበር።

"እናቴ፣ የእርስዎን ቃል ተቀብለናል" አለች ኢንስፔክተሯ። "ዛሬ የተጠራው እሱ ብቻ ነው። ውጭ ጥላ አለ፣ እዚያ ይጠብቁት።"

"አልጠብቅም" አሉ እትዬ ሚጢጢ። "አባቱም ዝም አለ፣ እሱም ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ፤ ያተረፍነውን አይተሽዋል። የሚጻፍ ካለ አብረን ነው የምንናገረው። እስቲ ወንበር ጨምሪልኝ።"

ኢንስፔክተሯ ወደ ሳጅኑ ተመለከተች። እሱ ግን ቀድሟት ተነሥቶ፣ የራሱን ወንበር ከልጁ አጠገብ እያስቀመጠ ነበር።